የግድግዳ ሥዕልና የመንገድ ዳር ድንቅ ፍለጋ፦ ከጊዮርጊስ አደባባይ እስከ ጢያና ዶዶላ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት ነበር። በቆርቆሮ በሩ ላይ ቀይ በሬ ተሥሏል። ሻኛው ከጭንቅላቱ ይበልጣል፣ ቀንዶቹም እኩል አልነበሩም። ዓይኑ ላይ ግን ሠዓሊው አንዲት የነጭ ቀለም ጠብታ ጣል አድርጎባት ስለነበር በሬው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚከታተል ይመስል ነበር። ከታች በቀኝ ጥግ በትንንሽ ፊደል የሠዓሊው ስምና ስልክ ቁጥር ሰፍሯል። ለዓመታት በዚያ በር ሳልፍ አንድም ቀን ቆሜ ስሙን አላነበብኩትም። ቤቱ ፈረሰ፤ ቆርቆሮው ተጠቅልሎ የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ግድግዳ እያየሁ፣ እየጠየቅሁና እየመዘገብኩ መዞር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ባለፉት ዓመታት የተማርኩት የአሠራር ዘዴ ነው።

1. በመጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

የጎዳና ሥዕል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሚረጭ ቀለም የተሠራ ትልቅ ግራፊቲ ነው። እሱን ብቻ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባን ቀኑን ሙሉ ዞሮ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። የእኛ ጎዳና ሀብት ሌላ ነው። በፀጉር ቤት በር ላይ የተደረደሩት የወንድ ራሶች፣ በሥጋ ቤት ላይ ያሉት በሬዎች፣ በመዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ ከአንበሳና ከቀጭኔ ጋር የተሠለፈው ሀሁ፣ በጎሚስታ ደጃፍ ተደራርበው ቀለም የተቀቡት ጎማዎች፣ በሚኒባስና በባጃጅ ላይ የተለጠፉት ጥቅሶች፣ ሁሉም ከዚህ ይቆጠራሉ። ሐውልቶችም አሉ። ከከተማ ስትወጡ ደግሞ ትክል ድንጋይና ቀለም የተቀባ መቃብር ታገኛላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ አንዱን ዓይነት ብቻ ምረጡ። «ዛሬ የፀጉር ቤት በር ብቻ» ብሎ የወጣ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ የአንዱን ሠዓሊ እጅ ከሌላው መለየት ይጀምራል። አንዱ ጆሮን እንደ ጥያቄ ምልክት ይሥላል፤ ሌላው አፍንጫን በአንዲት መስመር ብቻ ይጨርሳል። ሁሉን ላይ የሚል ግን አንዱንም ሳያይ ይመሽበታል።

እጅግ አስቸኳይ የሆነውም ይኸው የእጅ ሥዕል ነው። ባነርና ላይት ቦክስ ከመጣ ወዲህ በእጅ የሚሠራ ማስታወቂያ ከዋና ዋና መንገዶች እየጠፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳ ትልቅ ክፍል ፈርሷል፤ ከቤቶቹም ጋር በሮቻቸው፣ ታፔላዎቻቸውና ግድግዳዎቻቸው ሄደዋል። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ አነሳዋለሁ» የሚለውን ቃል እርሱት።

2. ዝግጅት

ብዙ አይደለም። ከቤት ሳትወጡ የምትሄዱበትን አካባቢ ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጉግል ማፕም ሆነ ኦርጋኒክ ማፕስ በወረደው ካርታ ይሠራሉ። ኪስ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ለታክሲ ዝርዝር ብርና መታወቂያ ያዙ። ጫማችሁ የለመዳችሁት ይሁን።

ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ሱቆች ገና ስለማይከፈቱ የተዘጋ የብረት በር ላይ ያለ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ይታያል። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሥዕሉም አብሮ ይታጠፋልና፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለፈ ሰው ያ በር ሥዕል እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

3. የመጀመሪያውን ጉዞ ከላይ ወደ ታች አድርጉት

ለጀማሪ የማዝዘው መንገድ ከጊዮርጊስ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደውን ነው። ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከለገሃር ብትጀምሩ ዳገቱ ዓይናችሁን መሬት ላይ ያስተክለዋል፤ ከላይ ስትወርዱ ግን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ።

ጊዮርጊስ አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው የተመረቀው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ነቅሎ ደበቀው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከፊት ለፊት ብቻ አንስታችሁ አትሂዱ። ዙሩትና የፈረሱን የኋላ እግሮች እዩ፤ የነሐሱ ክብደት ሁሉ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። ሰማዕቱ ጳጳስ በፋሽስቶች የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ ለቀላል ባቡሩ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። እዚህ አካባቢ የሚሠሩ ሊስትሮዎችንና ነጋዴዎችን ሐውልቱ የተነሳበትንና የተመለሰበትን ጊዜ ጠይቁ። አንዳንዶቹ በዓይናቸው ያዩ ናቸውና ጋዜጣ ላይ የማታገኙትን ይነግሯችኋል።

ወደ ታች ስትቀጥሉ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ አለ። ዋናው ጋፋት ላይ ተሠርቶ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ የተጎተተው ነው፤ እስከ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። አብዛኛው ሰው በታክሲ ሲያልፍ አደባባዩን እንጂ መድፉን አያየውም።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ይቆማል። ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። በሰሜን ኮርያውያን ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ተመረቀ። ከሩቅ የሚታየው ዓምዱና ኮከቡ ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ከሥሩ ያለው ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከእኛ ጋር ተዋግተው የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፎች በሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል። ወጣቶች ናቸው። አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊት እያያችሁ እለፉ።

የዚህ ጉዞ ዋናው ደስታ ግን ሁለቱ አንበሶች ናቸው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ከድንጋይ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. የሠራው ሲሆን፣ ጋማው፣ ደረቱና መዳፉ ሁሉ በቀጥታ መስመርና በማዕዘን የተቆረጡ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብላችሁ ለገሃር ስትደርሱ የቀድሞው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሌላው የይሁዳ አንበሳ ይጠብቃችኋል። ይህኛው በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ሥጋና አጥንት ያለው፣ ዘውድ የደፋ፣ ጡንቻው የሚቆጠር አንበሳ። ከመቆሚያው ላይ የምኒልክ፣ የዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የኃይለ ሥላሴ ምስሎች ተቀርጸዋል። ጣሊያን ዘርፎ ሮም አቁሞት ነበር። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው ይህን አንበሳ ባዕድ አገር ላይ ተማርኮ ሲያይ ነው እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሁለቱን አንበሶች በአንድ ጠዋት ማየት ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ምልክት፣ በሃያ አምስት ዓመት ልዩነት ሁለት ዓይነት እጅ። ከዚያ በኋላ በቡና ቤት ግድግዳ ላይ፣ በባጃጅ መስታወት ላይ፣ በሻሸመኔ አጥር ላይ አንበሳ ባያችሁ ቁጥር ከየትኛው እንደሚወለድ መገመት ትጀምራላችሁ።

ሌላ ቀን ስድስት ኪሎ ሂዱ። አደባባዩ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያውን በነሐስ ቅርጽ የ1929 ዓ.ም.ን ጭፍጨፋ ይተርካል፤ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ሥራ ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ (በር ላይ መታወቂያ ትጠየቃላችሁ)። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በእያንዳንዱ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ኢትዮጵያውያን ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህች የበለጠ ምላሽ በአገራችን ድንጋይ ላይ አላየሁም።

4. ከአስፋልቱ ውጡና ጠይቁ

ሐውልት ካርታ ላይ ይገኛል። የሰፈር ሥዕል ግን አይገኝም፤ የሚገኘው በሰው አፍ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፉና ከሥዕሉ አጠገብ የምትውለውን ሴት፣ የምትሸጠው ቆሎም ይሁን ቡና፣ አነጋግሯት። ቀድማችሁ ካሜራ አታውጡ። ቡና ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ከዚያ፦

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺን ሥዕል ማን እንደሠራት ያውቁ ይሆን?»

አንድ ጊዜ እንዲህ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «እሱማ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያ ጋ ነበር ቤቷ። ቀለሙን ከኔ ሱቅ በዱቤ ወስዶ እስካሁን አልከፈለኝም፤ ግን ተወው፣ ሥዕሉን አየዋለሁ» የሚል ነበር። ሠዓሊው የት እንዳደገና የቀለሙን ታሪክ በሁለት ደቂቃ አገኘሁ። ሽማግሌ ከሆኑ «አባባ» ወይም «ጋሼ»፣ እኩያ ከሆነ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» በሉ። ታክሲ ረዳቶችና የባጃጅ ሹፌሮችም ጥሩ አመላካች ናቸው። ነገር ግን «የጎዳና ሥዕል የት አለ?» ብትሏቸው አይገባቸውም። «ግድግዳው ላይ አንበሳ የተሣለበት ቤት»፣ «በሬ ያለበት ሥጋ ቤት» በሏቸው፤ ወዲያው ያደርሷችኋል።

የሰፈሩንም ስም ጠይቁ። ስሞቹ ራሳቸው የመንገድ ዳር ድንቅ ናቸው። ሰባራ ባቡር የተባለው በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ካስመጣው በእንፋሎት ከሚሠራ የመንገድ መኪና (ያኔ «ባቡር» ይባል ነበር) ጋር ተያይዞ ነው። እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር እያላችሁ ቀጥሉ። ቤቱ ቢፈርስም ስሙ ታክሲ ላይ ይቀራል።

5. ፎቶ ስታነሱ

ሰው በፍሬሙ ውስጥ ካለ ፈቃድ ጠይቁ። ሱቅ ከሆነ ለባለቤቱ «ሥዕልዎ ደስ ብሎኝ ነው፤ ባነሳው ቅር ይልዎታል?» በሉ። ግብር ሰብሳቢ ወይም አፍራሽ የመሰላችሁት ሰው ይደነግጣል፤ ደብተራችሁን ብታሳዩትና የሌሎች በሮችን ፎቶ ብታሳዩት ይረጋጋል። ቤተ መንግሥት፣ የጦር ሰፈር፣ ኤምባሲ፣ የፖሊስ ጣቢያና ጥበቃ ያለባቸው መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ካሜራ አታንሱ። ጥበቃ «አይቻልም» ካለ አትከራከሩ።

ለእያንዳንዱ ሥዕል አራት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ሳታዘነብሉ። ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ፤ ቤቱ፣ ዛፉ፣ የመብራት ምሰሶው እንዲታይ። ሦስተኛው በጣም ቀርባችሁ፤ የብሩሹ ጭረት፣ የተላጠው ቀለም፣ ከሥር ብቅ ያለው የድሮ ጽሑፍ። አራተኛው የፊርማው ጥግ ነው። ይህን አራተኛውን አትርሱ። የማስታወቂያ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ከታች ጥግ ላይ ስማቸውን ወይም ቁጥራቸውን ይተዋሉ። የኔ በሬ ያመለጠኝ በዚያች ጥግ ነው።

6. የዚያኑ ዕለት ማታ መዝግቡ

ፎቶ ብቻውን ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ማታ ቤት ስትገቡ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ ሰፈርና ምልክት (ከምን ፊት ለፊት፣ ከምን ጀርባ)፣ የሠዓሊ ስም ከታወቀ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ታሪኩን ማን እንደነገራችሁ። የግለሰብ ስልክ ቁጥር በደብተራችሁ ይቆይ እንጂ አደባባይ አታውጡት። ቀኑን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከጻፋችሁ «ዓ.ም.» የሚለውን ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ ሌላ ሰው በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል።

7. ከከተማ ውጡ

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ላይ ትናንት የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ማልዳችሁ ውጡና ሳይመሽ ግቡ።

ለአንድ ቀን ጉዞ የምመርጠው የቡታጅራን መንገድ ነው። በዓለም ገና በኩል ታጥፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለ። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ቦታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ አካባቢ ወደ ጎን የሚገባ መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል፤ ከአለት የተፈለፈለች፣ እስከ ዛሬ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ነጠላ ያዙ፤ ጫማችሁን አውልቁ።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሳችሁ ስትቀጥሉ ጢያ ትደርሳላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ሰይፉን ሁሉም ሰው ያየዋል። እናንተ ግን ጠጋ ብላችሁ ስንት ሰይፍ እንዳለ ቁጠሩ፤ ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል። ከሰይፎቹ በታች ያለውን ቅጠል የመሰለ ምልክትም ከአንዱ ወደ ሌላው እያወዳደራችሁ ተከተሉ። ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብትደርሱ ጎን ለጎን የሚመታው ፀሐይ ቅርጹን ያጎላዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ባዶ ይመስላል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ትሰማላችሁ። ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን ይቀድማሉ፤ ስሙን ግን በደብተራችሁ ጻፉት፤ ሰዉ ታሪኩን እንዴት እንዳሰረው ያሳያልና።

ሁለት ሦስት ቀን ካላችሁ ወደ ሻሸመኔ ውረዱ። ጃማይካ ሰፈር አጥሩና በሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች የሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን የሠሩት። እዚያው ቀለም ሳይነካ ከሙዝ ቅጠል ብቻ የተሠራ ሥዕል አይቻለሁ፤ ጥላውም ብርሃኑም የቅጠሉ የራሱ ቀለም ነው።

ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላና አዳባ የሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ንዱ። በግራና በቀኝ፣ ከገብስ ማሳው ጥግ፣ የአርሲ ኦሮሞ ባለ ሥዕል መቃብሮች አሉ። በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ ደማቅ ቀለም። ጦር የያዘ ፈረሰኛ፣ አንበሳ፣ ዝሆን ይሣልባቸዋል። ለሟቹ ክብርና ጀግንነት የተሠራ የአገር ሥዕል ነው፤ እኔ ከማንኛውም የከተማ ግድግዳ አስበልጬ እወደዋለሁ። ነገር ግን መቃብር ነው። ከመኪና ውረዱ፣ በአቅራቢያው ያለ ቤት ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከተፈቀደ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ አንሱ። ማንም ካላገኛችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ እለፉ።

ሐረርን እንደ ሥዕል አስቡት። ጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ግድግዳቸው አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ነው፤ ከረመዳን በፊት ብዙ ቤት እንደ አዲስ ይቀባል። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ካርታውን ዝጉና ድምፁን ተከትላችሁ ሂዱ።

8. ለባለቤቱ መልሱለት

ያነሳችሁትን ስታጋሩ የሠዓሊውን ስም ከሥዕሉ ጋር ጻፉ፤ ካልታወቀ «ሠዓሊው ያልታወቀ» በሉና ሰፈሩን ግለጹ። የሚያውቅ ሰው ይመጣል፤ ለእኔ ሦስት ጊዜ መጥቶልኛል። ከዚያም ጥሩ የወጣውን አንዱን ፎቶ አሳጥባችሁ ለሱቁ ባለቤት ወይም ለሠዓሊው ውሰዱለት። በዚሁ ሰበብ ከአንድ ፀጉር ቤት ባለቤት ጋር ተወዳጀን። ቤቱ የሚነሳበት ቀን ሲነገረው ደውሎ «በሩን ልጥለው ነው፤ ትፈልገዋለህ?» አለኝ። በፒክአፕ ጭነን አመጣነው። አሁን ስድስቱ የወንድ ራሶች ግቢያችን ውስጥ ዝናብ በማይነካው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከታች በቀኝ ጥግ ፊርማው አለ።